ችግኝ፣ ፊደል ወይስ የዕድር መዝገብ? ለሰሜን ሸዋ የትምህርት ቤት ሠራተኞች የበጎ ፈቃድ ሥራ መምረጫ

ሰኔ ሲጋመስ የመምህራን ስብሰባ የመጨረሻ አጀንዳ ብዙውን ጊዜ «የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት» ነው። ሰዓቱ ገፍቷል። ማርክ ያልጨረሰው መምህር ሮስተሩን ያስባል፤ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው መኪና እንዳያመልጠው የሚሰጋው ደግሞ በሩን በሩን ያያል። ሰብሳቢው «ዘንድሮ ምን እንሥራ?» ይላል። ከኋላ አንድ ድምፅ «ችግኝ እንትከል» ይላል። ይጨበጨባል፣ ቃለ ጉባኤው ይፈረማል፣ ስብሰባው ያበቃል። በዚህ ዞን ትምህርት ቤቶች ከሃያ ዓመት በላይ ሳስተምር ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አንዳንዴም ከኋላ «ችግኝ» ያለው ሰው እኔ ነበርሁ።

ችግኝ መትከልን አልነቅፍም። የሚያናድደኝ ምንም ሳይነጻጸር መወሰኑ ነው። በትምህርት ቤታችሁ ዙሪያ የሚሠራ ሥራ ሞልቷል፤ የጠፋው የሰው ጊዜ ነው። ስለዚህ ከታች የማነጻጽራቸውን ሥራዎች ሁሉ በሦስት ጥያቄ እያጣራሁ ነው የማልፈው። ሥራው በሚፈለግበት ወር እኛ ቀበሌው ውስጥ እንኖራለን ወይ? ሥራው ከእኛ የሚፈልገው ሌላው ነዋሪ የሌለውን ነገር ነው ወይስ ጉልበት ብቻ? ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ የሚመለስበት ማን ነው? የመጨረሻዋን ጥያቄ አጥብቄ እይዛለሁ። ፎቶግራፍ የሚነሣው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ሥራው የሚሠራው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

በቅድሚያ ወሩን

የመንግሥት የክረምት በጎ ፈቃድ የሚታወጀው ለሐምሌና ለነሐሴ ነው። በዚያ ጊዜ መምህሩ የት ነው? ገሚሱ የክረምት ትምህርት ለመከታተል ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ ገሚሱ ቤተሰቡ ዘንድ ሄዷል። የሚቀሩት የአገሩ ተወላጆች፣ ርእሰ መምህሩ፣ ጥበቃውና የጽዳት ሠራተኞቹ ናቸው። ሰባ ሰው ሆነን ወስነን በሐምሌ ዘጠኝ ሰው የተገኘንበትን ዓመት አልረሳውም። ዘጠኙም ደግሞ በአብዛኛው «ውሳኔው ላይ አልተጠየቅንም» የሚሉ የአስተዳደር ሠራተኞች ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው።

ዞናችን ደግሞ አንድ ዓይነት አገር አይደለም። ደብረ ብርሃን በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውርጭ ስትጠጣ፣ ጣርማበርን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ሸዋ ሮቢት በ1,300 ሜትር ገደማ ትሞቃለች። በመንዝ የበልግ ገብስ በየካቲትና በመጋቢት ይዘራል፤ በምንጃር ጤፍ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፤ በሞረትና ጅሩ ጥቁር አፈር ላይ ስንዴው በራሱ ጊዜ ይደርሳል። ለአረርቲ የሚስማማው የሥራ ወር ለመሐል ሜዳ ላይስማማ ይችላል። በአጨዳና በውቂያ ወቅት ስብሰባ የሚጠራ የትምህርት ቤት ሰው፣ ወላጅ እንደማይመጣለት ከወዲሁ ይወቅ።

የወሩን ቀኖችም እንዲሁ። በደጋው በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ አርሶ አደሩ ሞፈር አያነሣም፤ የትኛው በየትኛው ደብር እንደሚጠብቅ ደግሞ አገሬውን መጠየቅ ነው። ለቁፋሮ ዝግ የሆነው ይህ ቀን ለማስተማር ክፍት ነው፤ ሰው ቤተ ክርስቲያን ስሞ ሲመለስ እጁ ባዶ ነው። በይፋት በኩል፣ ሙስሊሙ በሚበዛባቸው ቀበሌዎች፣ የዓርብ ከሰዓት አቆጣጠር በጁምዓ ሰላት ዙሪያ ነው። ይህን ሳያዩ የወጣ መርሐ ግብር ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ማጠናከሪያ ወይስ የጎልማሶች ፊደል?

ሁለቱም ከመምህር ሙያ የሚነሡ ናቸው፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ጥያቄ ያለ ችግር ያልፋሉ። ጉልበቴ ካለ ከዚህ እጀምራለሁ።

የማጠናከሪያ ትምህርት አስፈላጊነት ዛሬ ማስረጃ አያሻውም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በአገር አቀፍ ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤት በቅዳሜና በእሑድ ማስጠናት ጀምሯል። እኔ ያየሁት ችግር የሚመጣው ልጅ ማን ነው የሚለው ነው። በፈቃዱ ቅዳሜ ጠዋት ደብተር ይዞ የሚመጣው ቀድሞውንም የሚችለው ልጅ ነው። ውሃ የምትቀዳዋ፣ በግ የሚጠብቀው፣ በገበያ ቀን ከእናቱ ጋር ጠላ ወይም አረቄ ይዞ የሚወጣው ልጅ አይመጣም። እነዚህን ለማግኘት ሰዓቱን ከእረኝነት ጋር ማስማማት፣ አንዳንዴም ትምህርቱን ከግቢው አውጥቶ ወደ መንደሩ መውሰድ ያስፈልጋል። አድካሚ ነው፤ ግን ልዩነት የሚታየው እዚያ ነው።

ሌላም የማይወራ ነገር አለ። በክፍያ የሚያስጠና መምህር የራሱን ክፍል ተማሪዎች በነጻ ሲያስጠና ሁለት ዓይነት ሐሜት ይነሣል፦ ወይ «ለነጻው አይተጋም»፣ ወይ «ማርክ የሚሰጠው ላጠናው ነው»። መፍትሔው ቀላል ነው። መምህራን ክፍል ይቀያየሩ፤ የ8ኛ ክፍሉ ሒሳብ መምህር የ7ኛውን፣ የ7ኛው የ8ኛውን ያስጠኑ።

የጎልማሶች ፊደል ማስቆጠር ደግሞ በአገራችን ከመምህር ጋር የቆየ ዝምድና አለው። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺሕ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጥተዋል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በዓመቱ የዩኔስኮን ሽልማት አስገኝቷል። የዚያ ዘመን ሰዎች ዛሬም በየቀበሌው አሉ፤ «በዘመቻው ነው ፊደል የለየሁት» የሚሉ እናቶችን አስተምሬያለሁ። ለየሁት ብለው ግን ረስተውታል። ያልተጻፈበትና ያልተነበበበት ፊደል ይጠፋል።

ከማጠናከሪያ ጋር ሳነጻጽረው ሦስት ልዩነት አያለሁ። አንደኛ፣ ጎልማሳ ተማሪ ዕረፍቱን ያውቃል፤ በበዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰዓት እንደሚችል ከነገራችሁ ይመጣል። ሁለተኛ፣ የሚፈልገውን ያውቃል። 231 ፊደል ከ«ሀ» እስከ «ፖ» በቅደም ተከተል መድገም አይፈልግም። በስልኩ ላይ የልጁን ስም ለይቶ መደወል፣ በገበያ ሚዛን ላይ ኪሎውን ማንበብ፣ የማዳበሪያ ደረሰኝ ላይ የተጻፈው ኩንታል ከወሰደው ጋር መግጠሙን ማየት ይፈልጋል። ከዚያ ጀምሩለት። ሦስተኛ፣ ዳዊት የሚደግም ሰው ያጋጥማችኋል። በልጅነቱ የቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ማንበብ የቻለ፣ እጁ ግን ብዕር ይዞ የማያውቅ። ይህን ሰው ከጀማሪ ጋር አታስቀምጡት፤ ይሰለቻል፣ ይሸማቀቃልም። እንዲያውም ጎኑ ያለችውን ሴት እንዲያስነብብ አድርጉትና ለራሱ ጽሕፈት አስተምሩት።

በዚህ ሥራ ላይ የደረሰብኝን ልናገር። ለማርያም ቀን ቀጠሮ ይዘን ስምንት እናቶች መጡ። የክፍሉን በር የሚከፍተው ባልደረባችን ለሥልጠና ሄዶ ነበር፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ አብሮ ሄደ። እናቶቹ ደጁ ላይ፣ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ፣ ሰዓት ተኩል ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው ሄዱ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሦስት ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ብቻ። ማንም አልተቆጣንም፣ ማንም አልወቀሰን። ቢወቅሱን ይሻል ነበር።

ስለዚህ ሚዛኔ ይህ ነው፦ በትምህርት ቤቱ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ ቢያንስ ሁለት ሰው ካለ፣ የጎልማሶች ፊደል ከማጠናከሪያ ይበልጣል። ሠራተኛው በየጊዜው የሚዛወርበት ትምህርት ቤት ከሆነ ማጠናከሪያው ይሻላል፤ ቢቋረጥ እንኳ ልጁ ነገ ወደ ክፍል ይመለሳል። ከደጅ የተመለሰችው እናት ግን አትመለስም።

ችግኝ ወይስ እርከን?

የመናገሻ ሱባ ጫካ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከእኛው ወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደ ለማ ይነገራል። ይህን ለልጆች መንገር እወዳለሁ፤ ዛፍ መትከል ከከተማ የመጣ ፋሽን እንዳይመስላቸው። አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ግን በየዓመቱ የምንቆጥረው የተተከለውን እንጂ የጸደቀውን አይደለም። እኛ አንድ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለ ገመገም ላይ በሐምሌ ዝናብ ተከልን። የወል ግጦሽ ነበር፤ ማንንም አልጠየቅንም። መስከረም ሲጠባ በጎቹ ገቡ፤ ከእነሱ የተረፈውን የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ አቃጠለው። ልጆቹን ይዤ ስወጣ የቆመው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ አንዱ ልጅ «የእኔ የትኛው ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

በደጋ ችግኝ ለመትከል የሚወስን ትምህርት ቤት ሥራው ከኅዳር እስከ ግንቦት እንደሆነ አውቆ ይወስን። ውርጭ በሚበረታባቸው ሌሊቶች ችግኙን በሣር ወይም በጭድ መሸፈን፣ በበጋው ውሃ ማጠጣት፣ ከብት መከልከል። ስለዚህ ጥቂት ተክሉ፤ በአጥር ውስጥ ተክሉ፤ ጽድ፣ ወይራ ወይም ኮሶ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ዛፉ ይታወቅ። ባሕር ዛፍን ለመስበክ ወይም ለማውገዝ አትነሡ። አርሶ አደሩ ባሕር ዛፉን እንደ ባንክ ደብተር ነው የሚያየው፤ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የሚልከው አጣና ሸጦ ነው። ከምንጭ ዳርና ከእርሻ ጥግ አርቀው እንዲተክሉ መናገር ይበቃል።

ጠብቆ ማቆየት ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መንዝ ጓሳ ላይ ሕዝቡ ለዘመናት «ቄሮ» በሚባለው የአገሬው ነባር የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሣሩን ጠብቆ፣ ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ዘግቶ፣ በወቅቱ ከፍቶ አጭዷል። ቤቱን የሚከድነው፣ ገሳ የሚሠራው በዚያ ሣር ነው። ጭላዳ ዝንጀሮውና ቀይ ቀበሮው እስከ ዛሬ እዚያ ያሉት ዘብ ስለተቆመላቸው ነው። ከዚያ ሥርዓት መምህራን መውሰድ ያለብን የተራውን አደላደል ይመስለኛል፦ በየትኛው ሳምንት ማን እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር።

የተፋሰስ ሥራ፣ ማለትም እርከንና ክትር፣ በጥርና በየካቲት በሕዝብ ጉልበት ይካሄዳል። ያን ጊዜ መምህሩ አለ፤ ትምህርትም ስላለ ግን የሚገኘው ቅዳሜ ነው። እውነቱን ለመናገር አንድ መምህር በቅዳሜ የሚቆፍረው ለአርሶ አደሩ ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ የልማት ሠራተኛውም ስለ እርከን ከእኛ የተሻለ ያውቃል። ጥቅሙ ሌላ ነው። ልጁ ለምን ሁለት ሳምንት ከትምህርት እንደቀረ ለመጠየቅ ወላጁን ቢሮ ከምትጠሩት፣ ዶማ ይዛችሁ ጎኑ ቆማችሁ ብትጠይቁት የተሻለ መልስ ታገኛላችሁ። ለዚህ ሲባል በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ቅዳሜ መውጣት አይከፋም። ዋና ሥራ ግን አታድርጉት።

የአረጋውያን ቤትና የደመወዝ መዋጮ

የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ በየዓመቱ ይታቀዳል፤ የሚታቀደውም ለክረምት ነው። በሐምሌ ጭቃ የሚመርግ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ግድግዳው አይደርቅም። ምርጊት የበጋ ሥራ ነው። በመንዝና በዙሪያው ቤቱ የድንጋይ ስለሆነ ደግሞ ሥራው የግንበኛ ነው፤ የታሪክ መምህር ድንጋይ ሲያቀብል ይዋል ካልተባለ በስተቀር። የእኔ ምክር፣ በክረምት የሚቻለውን ብቻ በክረምት አድርጉ፤ ማለትም ቆርቆሮና ሚስማር መግዣ አሰባስቡ፣ የሚያፈሰውን ጣራ ጠግኑ። ግድግዳውን ለጥር አቆዩት፤ ያን ጊዜ ሠፈሩን በደቦ ጥሩና እናንተ ውሃና ጭድ አቅርቡ። አሮጊቷ የሚያስፈልጋቸው ቤት ብቻ አለመሆኑን አትርሱ፤ ሳምንት በሳምንት ውሃ የሚያመጣላቸው ተማሪ ብትመድቡ ከቆርቆሮው እኩል ያመሰግኗችኋል።

መዋጮን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። በስብሰባ እጅ ተነሥቶ ከደመወዝ የሚቆረጥ ገንዘብ በጎ ፈቃድ አይባልም። አለቃው እያየ እጁን የማያነሣ ማን አለ? ከዚህ ኑሮ ጋር የጥበቃውና የርእሰ መምህሩ መቶ ብር እኩል አይደለም። ማዋጣት ካለባችሁ ሣጥን አስቀምጡ፤ ማን ምን እንደጣለ አይታይ፤ የተሰበሰበው ግን በግልጽ ተቆጥሮ ደብተርና ዩኒፎርም ይገዛበት። ደብተሩን ለልጁ ስትሰጡም በሰልፍ ላይ ስም አትጥሩ። ክፍል ኃላፊው ዝም ብሎ ይስጠው።

ደም መለገስ

ጊዜ ለሌለው ሠራተኛ ከሁሉ የሚቀለው ይህ ነው። ከ18 እስከ 65 ዓመት ዕድሜ ያለው፣ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል፤ ቡድን ከመጣላችሁ ከግማሽ ቀን በላይ አይወስድም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለኝ። ቀኑን በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን አታድርጉት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ ማታ እህል ያልቀመሰ ሰው ደም ሰጥቶ ክፍል ውስጥ ሲወድቅ ልጆቹ ናቸው የሚደነግጡት። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ስትቀሰቅሱም ዕድሜያቸውን ከመዝገቡ አረጋግጡ፤ «18 ሞልቶኛል» ለማለት የሚጓጓ ብዙ ነው።

ተፈናቃይ ልጆች ባሉበት ከተማ

ደብረ ብርሃን ከወለጋና ከሌሎች አካባቢዎች የተፈናቀሉ በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎችን ተቀብላ ለዓመታት ኖራለች። በ2013 ዓ.ም. ጥቃት ክፉኛ የወደመችው አጣዬም ልጆቿን መልሳ ለመሰብሰብ ብዙ ደክማለች። በእነዚህ ከተሞች የምትሠሩ ከሆነ ሌላ ምርጫ ከመፈለጋችሁ በፊት ይህን ተመልከቱ።

እዚህ የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ልብስ ሰበሰብን። በኋላ አንድ አባት ሲያስረዱኝ ልጃቸው ከትምህርት የቀረው ልብስ አጥቶ አልነበረም፤ የ6ኛ ክፍል ካርዱ ቤታቸው ጋር ተቃጥሎ የትኛው ክፍል እንደሚገባ የሚወስንለት ስላልነበረ ነው። ይህን የሚፈታው መምህር አይደለም፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ነው። ማስረጃ የሌለውን ልጅ በምደባ ፈተና እንዴት እንደሚያስገቡ፣ ለወረዳው ምን ዓይነት ደብዳቤ እንደሚጻፍ፣ ፋይል እንዴት እንደሚከፈት እሱ ያውቃል። አንድ ልምድ ያለው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ሁለት ቅዳሜ ከሰጠ ከእኛ የአስጠኚ ቡድን የበለጠ ልጅ ወደ ክፍል ይመልሳል። በአፋን ኦሮሞ ሲማር ቆይቶ የመጣ ልጅ ካለ ደግሞ ሰነፍ ተብሎ ዝቅ ያለ ክፍል እንዳይጣል፤ ሒሳቡን ፈትኑት፣ ፊደሉን ለብቻው አስተምሩት። ፎቶግራፍ አታንሱ። ስለደረሰበት ነገር እንዲያወራም አትጠይቁት፤ ከፈለገ ራሱ ያወራል።

ማንም የማይጠቅሰው ሥራ፦ ጸሐፊነት

አሁን ወደ እኔ ምርጫ ደረስኩ። በዕቅድ ላይ ተጽፎ አላየሁትም፤ ሪፖርትም አይደረግም። ሆኖም በየሠፈሩ ዕድር የሚዘልቀው ደብተሩን በሚይዘው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ መምህር ወይም የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነው። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ድንኳኑና ብረት ድስቱ በማን እጅ ነው፣ መተዳደሪያ ደንቡ ስለ ቅጣት ምን ይላል። መዝገቡ ሲበላሽ ጎረቤት ይጣላል። በወር አንድ እሑድ ከሰዓት የሚወስድ ሥራ ነው፤ ክረምትም በጋም አይልም፤ የሚጠይቀውም ጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ትክክለኛ ድምርና ምስጢር መጠበቅ ነው። ሦስቱም ከእኛ ቤት አሉ፤ ወይም ሊኖሩ ይገባል።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የንባብና የጽሕፈት ጠረጴዛ ነው። በገበያ ቀን፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የተጻፈውን የሚያነብለት ይፈልጋል አንዱ፤ የጤና መድን አባልነቱ መታደሱን ማወቅ ትፈልጋለች ሌላዋ፤ የባንክ ፎርም ይሞላል፤ ከዓረብ አገር ካለች ልጅ በስልክ የመጣ መልእክት ይነበባል። ማንበብ የሚችል ጎረቤት አጥተው አይደለም። ጎረቤት ካነበበው ሠፈሩ ያውቀዋል፤ ለዚህ ነው ወደ መምህር የሚመጡት። ስለዚህ የሰማችሁት ከጠረጴዛው አይለፍ። ሁለት ነገር ብቻ እምቢ በሉ፦ የፍርድ ቤት ክስና መልስ አትጻፉ፣ ገንዘብም አትያዙ። ክስ የሕግ ዕውቀት ይፈልጋል፤ በፍርድ ቤት በር ማመልከቻ እየጻፉ የሚኖሩም አሉና እንጀራቸው ነው።

ከፊደል ማስቆጠሩ ጋር ሳነጻጽረው ጠረጴዛው አንድ ጉድለት አለበት። ሰውየው በየሳምንቱ እንዲመጣ ያደርገዋል እንጂ ራሱን አያስችለውም። ሁለቱን አብሮ መያዝ የቻለ ትምህርት ቤት ግን ተማሪ ፍለጋ አይቸገርም። ሦስተኛ ጊዜ ወረቀት ይዛ የመጣችን ሴት «ይህችን ስም ራስዎ እንዲያነቧት ላሳይዎ?» ማለት ይበቃል። እኔ ካጣኋቸው ስምንት እናቶች ሁለቱን መልሼ ያገኘኋቸው እንዲህ ነው።

ለየትኛው ትምህርት ቤት የትኛው?

ባለ ጥቂት መምህር የገጠር አንደኛ ደረጃ ከሆናችሁ አንድ ሥራ ብቻ ምረጡ፤ ጠረጴዛው ወይም የጎልማሶች ፊደል። ትልቅ የከተማ ሁለተኛ ደረጃ ከሆናችሁ ማጠናከሪያውን በመቀያየር ያዙ፣ ደም ልገሳውን በዓመት ሁለት ቀን አድርጉ፣ ተፈናቃይ ካለ የመዝገብ ቤቱን ሰው ቅዳሜ ለምኑት፣ የተሰጠበትንም ሰዓት ከመደበኛ ሥራው ቀንሱለት። በቆላው፣ በሸዋ ሮቢት በኩል ከሆናችሁ ውርጭ ስለሌለባችሁ ችግኙ ከእኛ ይልቅ ለእናንተ ይሆናል፤ ውሃ ማጠጣቱ ግን ይብስባችኋል።

ጥበቃው፣ የጽዳት ሠራተኛዋና ተላላኪው በውሳኔው ላይ ይቀመጡ። መምህሩ በዝውውር ይሄዳል፤ እነሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሠፈሩ ሰዎች ናቸው። የትኛው ቤት ማን እንደታመመ፣ የወሉ ግጦሽ የማን ድርሻ እንደሆነ፣ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደሚደርቅ ያውቃሉ። ያ ገመገም የግጦሽ መሬት መሆኑን ጥበቃችን ያውቅ ነበር። አልጠየቅነውም።

ስለ ጸጥታው አንድ ቃል። ባለፉት ዓመታት በክልሉ በነበረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ መንገድም አንዳንዴ ይዘጋል። በዚህ ጊዜ በእግር ከሚደርሱበት የራቀ ቦታ፣ ከመሸ በኋላ የሚደረግ ትምህርት፣ ስም ዝርዝር ይዞ ቤት ለቤት መዞር ይቅር። የሀገር ሽማግሌና የሃይማኖት አባት ሳያውቁት የሚጀመር ነገር አይኑር።

ስትወስኑም እጅ አታስነሡ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ቁራጭ ወረቀት ስጡ፤ ስም ሳይጽፍ በወር ስንት ሰዓት በእውነት እንደሚችልና በየትኞቹ ወሮች በቀበሌው እንደሚኖር ይጻፍ። ሰብስባችሁ ደምሩ። ድምሩ ከገመታችሁት ያንሳል፤ የሚያንሰው ቁጥር ግን የምትሠሩበት ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ከሥራው ስም ቀጥሎ ቁልፉን የሚይዘው ሰው ስም ይግባ፣ ከእሱም ቀጥሎ የሁለተኛው። ቁልፉ በሁለት ይቀረጽ፤ አንዱ ጥበቃው ቤት ይደር።